ስለ መኪና ጎማ በባልና በሚስት መካከል የተነሣ ክርክር

በፍርድ ቤት በጸሐፊነት ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው የባልና የሚስት ክርክር አዲስ አይሆንበትም። ስለ መሬት፥ ስለ ከብት፥ ስለ ልጅ ቀለብ፥ ስለ አማት የሚነሣውን ሁሉ በዚህ እጄ ጽፌአለሁ። ስለ መኪና ጎማ ሲከራከሩ ግን ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ይህንንም ክርክር ያመጡብኝ ባለ ጉዳዮች ሳይሆኑ የገዛ ታናሽ ወንድሜና ባለቤቱ ናቸው። የሚኖሩት በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ግዛት፥ ከዴንቨር ከተማ አጠገብ ባለችው በኦሮራ ነው። በዚያ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ስለ ተቀመጡ ሽማግሌ አልታጣም ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ቃል «ጋሼ ይስማን» ብለው በስልክ ስለ ጠሩኝ፥ ዳኛ ሳልሆን ጸሐፊ መሆኔን አስቀድሜ አስታውቄ ነገሩን ለመስማት ተቀመጥሁ።

ወንድሜ ከኋላው ዕቃ የሚጫንበት፥ እኛ ፒክአፕ የምንለው፥ ቶዮታ ታኮማ የተባለ መኪና አለው። በበጋቸው ወራት ልጆቹን ይዞ ከአውራ ጎዳና ወጥቶ ወደ ተራራ መሄድ ይወዳል። ባለቤቱ ደግሞ በሐኪም ቤት አስታማሚ ናት፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት ተረኛ ስለ ሆነች ወደ ሥራዋ የምትሄደው በዚሁ መኪና ነው። ባለፈው ጥር ወር፥ ንጋት ላይ ከሥራ ስትመለስ፥ ትንሹን ልጅ ከሞግዚቱ ቤት ተቀብላ ከኋላ አስቀምጣ ሳለ፥ መብራቱ ቀይ ሆነና ፍሬን ያዘች። መኪናው ግን አልታዘዘላትም። መንገዱ በሌሊት ብርድ ግግር በረዶ ለብሶ ነበርና መስቀለኛውን መንገድ እየተንሸራተተ አቋርጦ በማዶ ካለው የእግረኛ መሄጃ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ቆመ። ከግራም ከቀኝም የሚመጣ ስላልነበረ ሰው አልተጎዳም። ልጁ ጨዋታ መስሎት «እማዬ፥ እንደገና!» አለ። እርስዋ ግን እጅዋ እየተንቀጠቀጠ መሪውን መልቀቅ እንዳልቻለች ነገረችኝ።

እንግዲህ ዘንድሮ ለአራት ጎማ የሚበቃ ገንዘብ አጠራቅመዋል። ከዚያ የበለጠ ማውጣት አይችሉም፤ ከዚያው ኪስ ለእናታችን መጦሪያ በየወሩ እንደሚልኩ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ወንድሜ በአንድ ነጋዴ ምክር ተማርኮ ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን የጭቃ ጎማ መግዛት ፈለገ። ክርክሩም ሦስት ነበረ። አንደኛ፥ መኪናው አራቱም ጎማ በሞተር የሚዞር ስለ ሆነ ክረምት አይበግረውም አለ። ሁለተኛ፥ ጥርሱ ትልቅ የሆነ ጎማ በጭቃም በበረዶም ይነክሳል አለ። ሦስተኛ፥ «የአገሩ ሕግ ይፈቅድልኛል» አለ፤ ይህን ሦስተኛውን የተናገረው የእኔን ሥራ አስቦ እንደ ሆነ ገብቶኛል። ባለቤቱ ግን አጭር ቃል ሰጠች። «ጋሼ፥ ሞተሩ አራቱን የሚያዞረው ለመሄድ ነው። እኔ መሄድ አላቃተኝም፤ ያቃተኝ መቆም ነው፤ ይህን እርስዎ ይፍረዱ» አለችኝ። ከብዙ ጠበቃ የማልሰማውን ንግግር ከእርስዋ ሰማሁ። በእውነትም ፍሬን ሲያዝ መኪና ሁሉ አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው፤ በዚያን ጊዜ የሞተሩ ብልሃት የሚጨምረው ነገር የለም።

የወንድሜ ሁለተኛው ቃል ከየት እንደ መጣ ሳስብ፥ ጥፋቱ «ክረምት» በሚለው ቃላችን ውስጥ የተሸሸገ መሆኑን አየሁ። እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ጭቃ ማለታችን ነው። በልጅነታችን በአባታችን አገር በመረሬው መሬት ላይ በነሐሴ ወር መኪና ሲሄድ አይተናል። መረሬ ከጎማው ላይ ይጣበቃል፤ በጥርሱና በጥርሱ መካከል ያለውን ሁሉ ሞልቶ ጎማውን እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ድቡልቡል ያደርገዋል። ስለዚህ የጭቃ ጎማ ጥርሶቹ ተራርቀው የተሠሩት፥ ሲሽከረከር ጭቃውን ወዲያ አሽቀንጥሮ አዲስ መሬት እንዲነክስ ነው። የእነርሱ ክረምት ግን ሌላ ነው። የሚመጣውም የእኛ በጋ በሆነበት ወራት ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል ወደ 1600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ትላለች፤ ነገር ግን ወደ ሰሜን 40ኛው ዲግሪ አጠገብ ስላለች ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ አመዳይ ይወርድባታል።

በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስንደግም በረድ፥ ሐመዳ፥ አስሐትያ እያልን በቃላችን እናወርድ ነበር፤ ከበረዶ በቀር አንዱንም ያየ ልጅ በመካከላችን አልነበረም፤ ልዩነቱንም የጠየቀ የለም። ለጎማ ምርጫ ግን ልዩነቱ ዋናው ነገር ሆኖ ተገኘ። ለስላሳው አመዳይ ከጭቃ ጋር ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ አመዳይ ከአመዳይ ጋር ይያያዛልና። ልጆች በእጃቸው ሲጨብጡት ወዲያው ድብልብል የሚሆነው ስለዚህ ነው። የክረምት ጎማ የሚባለው አመዳዩን አሽቀንጥሮ የሚጥል ሳይሆን በጥርሱ መካከል ይዞ የሚያቆይ፥ የያዘውንም ከመንገዱ አመዳይ ጋር የሚያያይዝ ነው። በእያንዳንዱም ጥርስ ላይ በምላጭ የተሠነጠቀ የሚመስል ብዙ ቀጭን ስንጥቅ አለበት፤ በየስንጥቁ ያለው ጠርዝ መንገዱን ይቧጥጣል። የጭቃው ጎማ ግን ጥርሱ ጥቂትና ወፍራም፥ ስንጥቁ ትንሽ ስለ ሆነ፥ በግግር በረዶ ላይ ሲቆም መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ያነሰ ነው። ትልቅ ጥርስ ለስላሳ ነገርን ይነክሳል እንጂ መስተዋትን አይነክስም።

ከዚህ የበለጠ ያስደነቀኝ የላስቲኩ ነገር ነው። ተራው ጎማ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እየደነደነ ይሄዳል፤ የክረምቱ ጎማ ግን ከሌላ ቅመም ስለ ተሠራ በብርድ ጊዜ ለስላሳነቱን አይለቅም። ታዲያ ይኸው ለስላሳነቱ በሙቀት ጊዜ ጠላቱ ነው፤ በበጋ ቢነዱበት ቶሎ ያልቃል፥ በስለታም ድንጋይም ቶሎ ይቆረጣል። ለሁሉ ጊዜ እኩል የሚሆን ጎማ አለ ብሎ የሚሸጥ ሰው ከሁለት አንዱን ዝም ብሎ ማለፉ ነው።

በሰፈሬ ያለ ጎሚስታ በአንድ የቤት መኪና ጎማ ጎን ላይ ኤም እና ኤስ የተባሉትን ሁለት የላቲን ፊደሎች አሳየኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርኋት እንግሊዝኛ «ጭቃና አመዳይ» ማለት እንደ ሆነ አስረዳችኝ፤ አንባቢም የራሱን መኪና ቢመለከት ምናልባት ያገኘው ይሆናል። ነገር ግን ይህ ፊደል ሠሪው የጥርሱን ቅርጽ አይቶ ራሱ የሚያትመው ነው፤ ፈተና አያስፈልገውም። በእኛ ቋንቋ ባለ ጉዳዩ ለራሱ የመሰከረው ምስክርነት ነው። ከእርሱ የሚሻለው፥ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የአመዳይ ኮከብ የተሣለበት ምልክት ነው። ይህ በሰሜን አሜሪካ በፈረንጆች 1999 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ጎማው በተጠቀጠቀ አመዳይ ላይ ተፈትኖ ከመለኪያው ጎማ ቢያንስ በመቶ 10 የበለጠ ሲጎትት ይሰጠዋል። ሆኖም ይህም ምስክር የተጠየቀው ተነሥቶ ስለ መሄድ ብቻ ነው፤ በግግር በረዶ ላይ ስለ መቆም አልተጠየቀም፥ አልመሰከረምም። ምስክር ካልተጠየቀበት ነገር ላይ ፍርድ እንደማይቆም በሥራዬ ዐውቃለሁ።

ሕጉንም መረመርሁ። ኮሎራዶ ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በሚወጣው አውራ ጎዳና ላይ፥ ሞሪሰን ከተባለው ቦታ እስከ ዶትሴሮ ድረስ፥ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር፥ አራቱም ጎማ የሚዞርለት መኪና የጎማው ጥርስ ጥልቀት ከአንድ ኢንች 32ኛ ክፍል 6 ያህል እንዲሆን ያዛል፤ ይህም ወደ 5 ሚሊሜትር ይጠጋል። ወንድሜ የአሁኑን ጎማ ለክቶ 7 አገኘ፤ ስለዚህ አልተሳሳተም፥ ሕጉ አይከሰውም። እኔ ግን ሕግ የሚያስቀምጠው ሰው ከዚያ በታች እንዳይወርድ መሆኑን፥ የልጁ እናት ያቋረጠችው መስቀለኛ መንገድም ከዚያ አውራ ጎዳና ውጭ፥ በከተማው ውስጥ መሆኑን አሳሰብሁት።

ከዚህ በኋላ የጠየቅሁት ቀላል ጥያቄ ነገሩን ከምልክቱም ከሕጉም ይልቅ ፈታው። «ከአውራ ጎዳና ወጥተህ በዓመት ስንት ቀን ትሄዳለህ? በየትኛውስ ወር?» አልሁት። ብዙ ነው ብሎ ጀመረ፤ ባለቤቱ ከአጠገቡ ሆና ስትቆጥርለት 9 ቀን ሆነ። ሁሉም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሌላም ሊሆን አይችልም፤ እርሱ የሚወዳቸው በሲልቨርተንና በሌክ ሲቲ መካከል ያሉት የጥንት የማዕድን ቆፋሪዎች መንገዶች በክረምት አመዳይ ዘግቷቸው የሚከፈቱት በበጋ መግቢያ ነው። ደግሞም በእነዚያ መንገዶች ላይ የሚበዛው ድንጋይ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም። እርስዋ በበኩልዋ በክረምቱ ወራት ከ60 የሚበልጥ ሌሊት ትነዳለች። ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ቀን የሚገናኙበት ጊዜ የለም።

ስለዚህ ሐሳቤን እንዲህ ብዬ ሰጠሁ። አሁን የሚገዛው እውነተኛ የክረምት ጎማ ይሁን፤ በእጃቸው ያለው፥ ለመንገድም ለድንጋይም የሚሆነው መካከለኛ ጎማ ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት በጓዳ ተቀምጦ ለበጋው ይቆይ፤ 7 ለበጋ ይበቃልና። ያገለገለ ቸርኬ አራት ፈልገው ቢያገኙ በየጊዜው ጎማ ለማስፈታት የሚከፈለው ይቀርላቸዋል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ስለሚያርፍ ሁለቱም ዕድሜአቸው ይረዝማል። ኑሮአቸው ሌላ ቢሆን ኖሮ፥ ለምሳሌ ወንድሜ በታኅሣሥና በጥር በየሳምንቱ በጥርጊያ መንገድ ወደ እርሻ የሚወጣ ሰው ቢሆን፥ የተራራውና የኮከቡ ምልክት ያለበትን መካከለኛ ጎማ አንድ ብቻ ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ እንዲነዳበት በመከርሁት ነበር፤ ብዙ ሰውም ያንን ቢመርጥ አይነቀፍም።

ወንድሜ ወዲያው አልተሸነፈም። ወጪ ለማዳን ሁለት የክረምት ጎማ ከኋላ ብቻ እናድርግ ብሎ ተከራከረ። ይህን እምቢ አልሁ፤ የፊቱና የኋላው አያያዝ ከተለያየ መኪናው በፍሬን ጊዜ አንዱ ጫፍ ሲይዝ ሌላው ይስታልና። ባለቤቱ ደግሞ ነፋሱን የመለካቱን ሥራ በእርሱ ላይ አስጻፈችብኝ፤ ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የጎማው ነፋስ በመለኪያው አንድ ያህል ይቀንሳልና በብርድ ወራት በየሳምንቱ ማየት ያሻል። እርሱም በምላሹ በሚመጣው ሐምሌ ወደ ሌክ ሲቲ ስንሄድ አብራን ትምጣ አለ። እርስዋም «ተራ ካልወጣብኝ» ብላ ተስማማች።

ጎማዎቹ የተገጠሙ ቀን በጎናቸው ላይ የታተሙትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች እንዲያነቡልኝ ለመንሁ፤ የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ወንድሜ በብርዱ ተንበርክኮ፥ ባለቤቱ መብራት ይዛለት፥ አራቱንም አንድ በአንድ አነበበልኝ። ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አራተኛው በሁለት ሳምንት ይበልጣቸዋል።