የእድራችን ሣጥንና የሐጅ ዩሱፍ ድስት

ሐጅ ዩሱፍ ሳለን እድራችን አንድ ሕግ ነበረው፤ ገንዘብ ከሣጥን የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ለድንኳን፣ ለመገነዣ፣ ለለቅሶ ቤት ቡና። ጸሐፊው እኔ ስለነበርኩ ሕጉን በብርቱ አስከብር ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ተበተንን። አንዳንዱ በገላባት በኩል መተማ ገባ፤ ሌላው ወደ ካይሮና ወደ ጁባ ሄደ። መሄጃ ያጣው እዚያው ቀረ። መዝገቡና ገንዘቡ እኔ ዘንድ ነበር።

ከወራት በኋላ አንዲት ሱዳናዊት የቀድሞ ጎረቤቴ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የሠፈሩ ወጣቶች እንደ ሌሎች የሱዳን ከተሞች የአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ተኪያ ከፍተው፣ ፉልና ምስር ቀቅለው በነፃ ያበላሉ። «የናንተም ሰዎች ከኛ ጋር ይሰለፋሉ፤ አገርህ የት ነው የሚል የለም» አለችኝ። ገንዘብ ግን እያለቀባቸው ነበር።

በስልክ ተሰብስበን ተነጋገርን። «የቀብር ገንዘብ ነው፤ አይነካም» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። አንድ አባታችን ግን «በረሃብ እስኪሞቱ ጠብቀን ልንቀብራቸው ነው?» ሲሉ መልስ አጣሁ። ግማሹ እንዲላክ ተወሰነ። ብሩን መተማ ላለ ሱዳናዊ ነጋዴ ሰጠነው፤ እሱ በባንካክ ላከላቸው። በማግሥቱ የሱቁ ደረሰኝና የተጣደው ድስት ፎቶ ደረሰን።

በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ የስልክ ኔትወርክ ሲቋረጥ ባንካክም አብሮ ቆመ፤ ብዙ ተኪያዎች እሳት ሳያነዱ ዋሉ። በጥር 2017 ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በድንገት ስታግድ በሱዳን ከ1,100 በላይ ተኪያዎች ተዘጉ። የጎረቤቴ ድስት በየቀኑ መጣዱ ቀርቶ በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ። እነዚያን ሁለት ቀናት ያቆዩት የሠፈሩ ልጆች ከውጭ የሚልኩት፣ ከኛም የሚሄደው ጥቂት ገንዘብ ነው።

የኛ መዋጮ የመንግሥታትን እርዳታ ይተካል አልልም፤ አይተካም። ትልቅ ገንዘብ ብዙ ድስት ይጥዳል፤ ሲቆም ግን ሁሉም ባንድ ቀን ይበርዳል። ያንን ድስት የሚበሉትን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቢቸግረው ይቀንሳል እንጂ በአንድ ጊዜ አያቆምም።

ባለፈው ዓመት እዚያ ከቀሩት አባላት አንዱ አረፈ። ማናችንም መድረስ አልቻልንም። ያጠቡት፣ የገነዙት፣ ተሸክመው የቀበሩት ከተኪያው ሰልፍ አብረውት የሚቆሙ ሱዳናውያን ነበሩ። ለቀብሩ ከሣጥኑ አንድም ሳንቲም አልወጣም።

አሁን ሕጋችንን ቀይረናል። ከየወሩ መዋጮ ሩቡ ለሕያዋን ነው፤ ሁለት ሰው ይፈርማል፣ ደረሰኙ ለሁሉም አባል ይላካል። የናንተ እድር ሣጥን ለማን ነው የተቆለፈው? በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንሱት።