መርፌ ያላንቀጠቀጠው እጄ በማውስ ተንቀጠቀጠ!

አትሳቁብኝ እንጂ አንድ ጉድ ላጫውታችሁ። ነርስ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በዲፕሎማ ሠርቻለሁ። ከአራስ ሕፃን ደም ስር ፈልጌ ግሉኮስ ስሰካ እጄ ንቅንቅ አይልም። መብራት ጠፍቶ በሻማ አዋልጃለሁ። ይኸው እጅ ኮምፒውተር ፊት ሲቀርብ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲግሪዬን ልይዝ ብዬ ልደታ አካባቢ አንድ የግል ኮሌጅ በማታው ክፍለ ጊዜ ተመዘገብኩ። ኮምፒውተር የሚባል ትምህርትም ነበረን፤ የተማርነው ግን በጠመኔ ነው! መምህሩ ሰሌዳ ላይ ኪቦርድ ይስላል፣ እኛ በደብተራችን እንገለብጣለን። ኮምፒውተሮቹ ያሉበት ክፍል "ታበላሻላችሁ" እየተባለ ተቆልፎ ይውላል። እኔም በሆዴ "ተመስገን!" እላለሁ። የሲፒዩንና የራምን ትርጉም ሸምድጄ "ኤ" አገኘሁ።

ታዲያ ማምለጫ የለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ የሚሰጠውም በኮምፒውተር ነው። 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም።

የሞዴል ፈተናው ቀን ጉዴ ፈላ። መልሱን አውቀዋለሁ። "ቢ"ን ልነካ ስል ቀስቷ ሸርተት ብላ "ሲ" ላይ ታርፋለች። ሰዓቱ ከጥግ ሆኖ ወደ ኋላ ይቆጥርብኛል። የማላውቀውን ነክቼ ገጹ ድርግም አለ። እጄን አውጥቼ እንዳልጠይቅ በግራም በቀኝም የልጆቼ እኩዮች ተቀምጠዋል። አፈርኩና ዝም አልኩ። ያመጣሁት 31 ነው።

ስወጣ አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ አገኘኋት። በስልኳ ቴሌግራሙን ቲክቶኩን እንደ ጉድ ታገላብጠዋለች፤ ማውስ ግን ከዚያ ቀን በፊት ይዛ አታውቅም። ለካ በሽታው የእርጅና አይደለም!

ይህ ፍርሃት በውጭው ዓለም ከታወቀ ቆይቷል። ሄይንሰን፣ ግላስና ናይት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. 19 ነጥቦች ያሉት መለኪያ አውጥተውለታል። ከነጥቦቹ አንዱ "የማላርመው ስህተት እሠራ ይሆናል" የሚለውን ስጋት ይመለከታል። የእኔም በሽታ ይኸው ነበር።

መድኃኒቴን ያገኘሁት ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ክስና ማመልከቻ በኮምፒውተር ከሚጻፍባቸው ትንንሽ ቤቶች በአንዱ ነው። የግንቦት ልደታ ሰሞን ነበር። ጸሐፊዋ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ናት፤ ጣቶቿን ሳታይ ትጽፋለች። እውነቱን ነገርኳት። አልሳቀችም። "ሲስተር፣ ይንኩት እንጂ፤ አይነክስም!" አለችኝ። አንድ ገጽ አስጻፈችኝና ሁሉንም እንዳጠፋው አዘዘችኝ። አጠፋሁት፤ ልቤ ወደቀ። ኮንትሮልና ዜድን አንድ ላይ ስትጫን ጽሑፉ ቁጭ! አለ። "አዩ? ይመለሳል" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ደንበኛ ሲቀልላት ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ያስያዘችኝ ማውስ እየጎተቱ የሚጫወቱትን ካርታ ነው። ክፍያ አልቀበልም ስላለችኝ የእናቷን ደም ግፊት በየሳምንቱ እለካ ነበር። ያቺን ኮሪደር ላይ ያለቀሰችውንም ልጅ ይዣት ሄድኩ።

አንድ ቀን ካርታዬን ስደረድር መርፌ የተማርኩበት ጊዜ ትዝ አለኝ። በሰው ላይ ከመውጋታችን በፊት ብርቱካን ላይ ነበር የተለማመድነው። ብርቱካን ብትወጋው አይጮህ፣ ቢደማም ማንም አያዝን። እኛ ለኮምፒውተሩ ብርቱካን አላገኘንም ነበር። በጠመኔ ተምረን በቀጥታ ሕይወታችን የሚወሰንበት ፈተና ላይ ተወረወርን።

ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። ዛሬ በምሠራበት ክፍል የበሽተኛው ካርድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አሁንም እፈራለሁ፤ ፍርሃቴ ግን ሌላ ሆኗል። የካርድ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ቢሳሳት የሌላ ሰው ፋይል ይከፈታል፤ እዚያ ላይ የምሰጠው መድኃኒት በኮንትሮልና ዜድ አይመለስም። ስለዚህ ጥንት የተማርኩትን አልረሳም፦ ትክክለኛው በሽተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ መጠኑ፣ መንገዱ፣ ሰዓቱ። ስሙን ከስክሪኑ አንብቤ፣ በሽተኛውንም በአፉ አስጠርቼ ነው የምሰጠው።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ነርሲንግ የምትማሩ ሁሉ፦ የተቆለፈው ክፍል እንዲከፈትላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። እምቢ ካሏችሁ ከሰፈር ጸሐፊ ዘንድ ሂዱ፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ፈተናው ሲቃረብ ሳይሆን ገና የመጀመሪያ ዓመት ላይ ሳላችሁ ጀምሩ። ዕውቀት ከታናሽም ይገኛልና አትፈሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይህን ከእኛ ከነርሶቹ በላይ ማን ያውቃል?