ፊልም የሌለው የፊልም ሙዚቃ

እናንተዬ፣ ሙዚቃ ሰው ያስጠረጥራል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔን አስጠርጥሮኛል!

ባሪ አዳምሰን የሚባል የማንቸስተር ሰው እ.ኤ.አ. በ1989 «ሞስ ሳይድ ስቶሪ» የሚል አልበም አወጣ። ዘፋኝ ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ በድሮ የወንጀልና የስለላ ፊልሞች ሙዚቃ መንገድ የተሠራ ነው። እየሾለከ የሚሄድ ቤዝ፣ ድንገት የሚጮኽ ጥሩምባ… ጉዱ ምን መሰላችሁ? ፊልሙ የለም! ላልተሠራ ፊልም የተሠራ ሙዚቃ ነው። ታሪኩን አድማጭ ይሙላው ነው ነገሩ።

እኔም ሞላሁታ!

እጮኛዬ «መሥሪያ ቤት አካባቢ አትምጪ» ማለት በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ይህንኑ ሙዚቃ በጆሮዬ ሰክቼ ከሰፈሩ ጀምሬ ተከተልኩት። ከረባቱን አስሯል። ሙዚቃው ሲፈጥን ልቤም ይፈጥናል፤ ግድግዳ ታክኬ ስሄድማ ራሴን የጄምስ ቦንድ ባልደረባ አድርጌው አረፍኩ። (ሳያፍሩ መናገር ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።) ሴትየዋን በዓይነ ህሊናዬ ቀሚሷን ሁሉ አልብሻት ጨርሻለሁ።

እሱ ግን አንድ መኪና ማጠቢያ ገባ። ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ቱታ ለበሰ። ለካ ከሥራ ከተቀነሰ ሁለት ወሩ ኖሯል።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ውሃው እግሩ ላይ ይፈሳል።

«ምን እየሰማሽ ነው?» አለኝ።

ምን ልበለው?