ልጅ ለማሳደግ ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ሰው ስለሚይዘው ጓዝ

ሰው ለንግድ ወይም ለትምህርት ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ ጓዙን የሚያሰናዳው ለራሱ ብቻ ነው። ሌላ የወለደውን ሕፃን ተቀብሎ ሊያሳድግ የሚሄድ መንገደኛ ግን ከዚህ ልዩ ነው፤ ገና ፊቱን ላላየው፤ ቁመቱንና ጠባዩን ላላወቀው ሰው ልብስና ስንቅ ያዘጋጃልና። ደግሞም የዚህ መንገደኛ ሻንጣ የሚሞላው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ከቤቱ ሲነሣ፤ አንድ ጊዜም ልጁን ይዞ ሲመለስ። ብዙ ሰው ለፊተኛው አጥብቆ ይጨነቃል፤ ለኋለኛው ግን ያለው አሳብ ጥቂት ነው።

የሰው ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል የኦሮምኛ ሲሆን ማሳደግ ከሚለው የወጣ ነው፤ በአማራውም ዘንድ የጡት ልጅ ወይም የማር ልጅ ማለት ከጥንት የታወቀ ነው። ለዚያ ሥርዓት ጥቂት ማርና እማኞች ከተገኙ ሌላ ጓዝ አያሻም ነበር። ልጁ ባሕር የሚሻገር በሆነ ጊዜ ግን ጓዙም ወረቀቱም በዛ። በ1992 ዓ. ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ከወጣ ወዲህ ከአሜሪካ፤ ከስፔን፤ ከፈረንሣይና ከኢጣልያ ብዙ ባልና ሚስት ወደ አዲስ አበባ ይመጡ ነበር፤ በ2002 ዓ. ም. ብቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት ሕፃናት ከ2,500 የሚበልጡ ናቸው። ይህ መንገድ ጥር 1 ቀን 2010 ዓ. ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን ባሻሻለ ጊዜ ለውጭ አገር ሰዎች ተዘጋ። ምክንያቱም በየባዕዱ አገር ልጆቹ ስለ ደረሰባቸው በደልና ማንነታቸውን አጥተው ስለ መቸገራቸው የተሰማው ነገር ነበረ። ቢሆንም እንደ ህንድና እንደ ኮሎምቢያ ባሉ አገሮች መንገዱ ክፍት ስለ ሆነ፤ በባዕድ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችንም ወደዚያ የሚያስብ ሊገኝ ስለሚችል፤ እኛ በፍርድ ቤት ጸሓፊነታችን በአዲስ አበባ ስናየው የነበረውን ብንጽፍ የሚጠቅመው ሰው አይታጣም።

ከሁሉ አስቀድሞ መንገደኛው የሚሄድበትን አገር አየር በወሬ ሳይሆን በትክክል ይጠይቅ። ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኞቹ አፍሪካ ሁሉ በረሓ እየመሰላቸው ስስ ልብስ ይዘው ይመጡ ነበር። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ ወደ 2,400 ሜትር የሚጠጋ ከተማ ናትና፤ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡና ጭጋጉ፤ ኅዳር ሲመጣ የሌሊቱ ቁር ያንቀጠቅጣቸዋል። እግሩ የተራቆተ ሕፃን ታቅፋ በቦሌ መንገድ ያለፈች እንግዳ ሴት፤ የማታውቃቸው እናቶች በየእርምጃው እያስቆሙ «ልጁን በረደው እኮ» ሲሏት ትውል ነበር። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከመያዝ ይልቅ እየደረቡ የሚያለብሱት ሦስት አራት ስስ ልብስና የራስ ቆብ መያዝ ይሻላል። ልኩም እጅግ የተወሰነ አይሁን፤ ዕድሜው በወረቀት አንድ ዓመት የተባለ ልጅ ሰውነቱ የስድስት ወር ሆኖ ይገኛልና።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር እንጨምር። በእንዲህ ያለ ደጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ለጡጦ የሚሆነውን ውሃ እንደ ቆላው አንድ ጊዜ ፈላ ብሎ ማውረድ አይበቃም፤ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል በእሳት ላይ ማቆየት ያስፈልጋል። ወተቱንም ቢሆን ከአገሩ የተሻለ ብሎ ያመጣውን በአንድ ቀን መለወጥ ለሕፃኑ ሆድ ከባድ ነው። ልጁ በማሳደጊያው ሲጠጣ የኖረው የትኛው የዱቄት ወተት እንደ ሆነ ጠይቆ ያንኑ መግዛት፤ አዲሱንም ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ ማስለመድ ይገባል። እህል የጀመረ ልጅ ከሆነም ሽሮና እንጀራ የለመደውን አፍ በአንድ ጊዜ በባዕድ ምግብ ማስጨነቅ ደግ አይደለም፤ በመመለሻው ሻንጣ ጥቂት የሽሮ ዱቄት ቢገባ ብዙ ለቅሶ ያስቀራል።

ለተቅማጥ፤ በየመድኃኒት ቤቱ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው የጨውና የስኳር ዱቄት ከቶ አይታጣ። ብዙ ሕፃናት በአንድ ቤት ሲያድጉ እከክና የሆድ ትል የተለመደ ነውና መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መያዝ መልካም ነው፤ ሐኪም ሳያይ መስጠት ግን አይገባም። የዳይፐርና የሳሙና ነገር አያሳስብ፤ ይህ በመርካቶም በቦሌም ሞልቷል። ባለ ጎማውን የሕፃን ጋሪ ከባሕር ማዶ ጭኖ ማምጣትም ድካም ብቻ ነው፤ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ሕፃኑም ገፊውም ይሠቃያሉ። በአንቀልባ ወይም በነጠላ ታዝሎ ያደገ ልጅ በጀርባ ላይ ሆኖ ነው ዝም የሚለው። በአይሮፕላን ላይም አይሮፕላኑ ሲነሣና ሲወርድ ጡጦ ማጥባት የጆሮውን ሕመም ያቀልለታል።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የጋብቻ ምስክር፤ የሐኪም ምስክር፤ ከፖሊስ የሚሰጥ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ፤ የገቢ ማስረጃ፤ የቤቱንና የኑሮውን ሁኔታ የመረመረው ሰው የጻፈው ጥናት፤ ይህ ሁሉ በሚመለከተው ኤምባሲ ተረጋግጦ በሁለት ቅጂ መያዝ አለበት። በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይሁን እንጂ ለአይሮፕላኑ ሆድ አይሰጥ። በአንድ ፊደል ልዩነት ቀጠሮ ሲዛወር ብዙ ጊዜ አይተናል፤ በአንዱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም በሌላው ካልተስማማ ዳኛው ምን ያድርግ? የፍርድ ቤቱንም የዕረፍት ጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በእኛ ዘንድ ከነሐሴ እስከ መስከረም መደበኛው ችሎት ስለሚዘጋ፤ ይህን ሳያውቁ በነሐሴ የደረሱ ሰዎች ነበሩ። ወደ አሜሪካ ልጅ የሚወስዱት ደግሞ ከ2002 ዓ. ም. ወዲህ በችሎት ራሳቸው መቅረብ ስለ ተገደዱ ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ነበር፤ ልጁን አይተው፤ አቅፈው፤ ጥለውት ተመልሰው፤ ደግሞ እንደ ገና መምጣት። ለዚያ በመካከል ላለው ጊዜ የአሳዳጊዎቹን ፎቶግራፍ በማሳደጊያው ትተው የሚሄዱት ብልኆች ነበሩ።

ስለ ስጦታም እንናገር። አንዳንዱ መንገደኛ የሚፈቀድለትን ሁለት ሻንጣ፤ እያንዳንዱን 23 ኪሎ፤ በልብስና በመጫወቻ ሞልቶ ለማሳደጊያው ያመጣ ነበር። ነገሩ ደግ ነው። ነገር ግን ሻንጣው ባዶ ሆኖ ሲመለስ ማየት እኛን ያሳዝነን ነበር።

በሚመለሰው ሻንጣ ምን ይግባ? በመጀመሪያ ልጁ በዚያ ቀን የለበሰው ልብስ ነው። አሮጌና የተቀደደ ቢሆንም አይጣል፤ አይታጠብም። ብዙ ጊዜ ማሳደጊያው ለሌላው ሕፃን እንዲሆን ልብሱን ያስቀራል፤ ስለዚህ አዲስ ልብስ ሰጥቶ አሮጌውን መለመን ነው። ከዚያም የሞግዚቶቹ ፎቶግራፍ ከነስማቸው፤ የተኛበት አልጋ፤ የግቢው በር። ወላጅ ወይም ዘመድ በሕይወት ያለ እንደ ሆነ ደግሞ፤ ፈቃዱ ተጠይቆ፤ መልኩና ድምፁ ይቀዳ፤ ለልጁ ሊነግረው የሚወደውን በራሱ ቋንቋ ይንገር። በችሎት ፈቃዷን የሰጠች እናት በኮሪደሩ ቆማ፤ ባዕዳኑ ሲያልፉ አንድ ቃል ሳትለዋወጥ ወደ አገሯ ስትመለስ ያየ ሰው ይህን ቀላል ነገር አይለውም። ሕጋችንም ቢሆን ጉዲፈቻ የተደረገው ልጅ ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ጸና ይቆያል ይላል፤ አሳዳጊዎቹም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ስለ ሁኔታው እንዲጽፉ ግዴታ ነበረባቸው።

ሙሴን እናቱ በደንገል ሣጥን ስታኖረው ቅጥራን የቀባችው ውሃ እንዳይገባበት ነው፤ እኅቱ በሩቅ የቆመችው ግን የሚደርስበትን እንድታውቅ ነው። የፈርዖን ልጅ ያሳደገችው ያ ሕፃን ወገኑን ለይቶ ያወቀው በከንቱ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስም ነው። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ በሚወጣው አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት የሚገባው የአሳዳጊው አባት ስም ነውና የወለደው አባት ስም ከዚያ ላይ ይወድቃል። በአገራችን ሰው የሚታወቀው በአባቱና በአያቱ ስም ስለ ሆነ፤ ይህ የወደቀ እንደ ሆነ መፈለጊያው ሁሉ ይጠፋል። ዛሬ እነዚያ ሕፃናት አድገው፤ ጢም ያበቀሉም ለአካለ መጠን የደረሱ ልጃገረዶችም ሆነው፤ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ መዝገብ ያስወጣሉ። አንዳንዱ የሚይዘው በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ የቀበሌ ስም ብቻ ነው፤ ተ ይሁን ጠ፤ ቀ ይሁን ከ ከፊደሉ አይለይም፤ በዚያ ስም የሚጠራ ቦታም በሦስት አውራጃ ይገኛል።

ስለዚህ የሚሄድ ሰው አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ከጓዙ ሁሉ አስቀድሞ ይያዝ። የልጁን ስም፤ የአባቱንና የአያቱን፤ የእናቱንም ስም፤ ወረዳውንና ቀበሌውን፤ በአቅራቢያው ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፤ ገበያው የሚቆምበትን ቀንና ወንዙን፤ የመዝገቡን ቁጥር፤ በአገሩ ፊደል በአገሩ ሰው እጅ ያስጽፍ፤ ከጎኑም በራሱ ፊደል ይገልብጠው። ሁለተኛ ቅጂ አድርጎም አንዱን ከእርሱ ጋር፤ ሁለተኛውን በቤት በሚቀር ዘመድ ዘንድ ያኑር።