ከአዲስ አበባ እስከ ዱራሜ፦ ቪታራ ወይስ ዩዋን ፕላስ?

መኪና ሊገዛ ያሰበ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው "በሊትር ስንት ይሄዳል?" ብሎ ነው። አሁን አሁን ደግሞ "በአንድ ቻርጅ ስንት ይሄዳል?" የሚለው ተጨምሯል። እኛ ቤት ጥያቄው ሌላ ነበር፤ "ዱራሜ ደርሶ ይመለሳል ወይ?" የባለቤቴ ወላጆች ከምባታ ውስጥ፣ ዱራሜ ከተማ ነው የሚኖሩት። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እንሄዳለን፤ መስከረም ላይ ለመሳላ፣ ጥር ላይ ለሠርግ፣ የቀረውን ስልክ ሲደወል።

ለምርጫ የቀረቡልን ሁለት መኪኖች ናቸው። አንደኛው ያገለገለ ሱዙኪ ቪታራ፣ ባለ 1.6 ሊትር ቤንዚን። ሁለተኛው ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ሁለቱም ከአውቶሞቢል ከፍ ያሉ፣ አምስት ሰው የሚይዙ፣ ከተማ ውስጥ ለማቆም የማያስቸግሩ ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ ቪታራ ማስመጣት ቀርቷል፤ ገበያው ላይ ያለው እዚሁ ሲነዳ የቆየው ነው። ስለዚህ ቪታራ የሚገዛ ሰው ከመኪናው ጋር የቀድሞውን ባለቤት ጠባይም አብሮ ይገዛል።

የባለቤቴ ወንድም ቪታራ አለው፤ በእሱ ብዙ ጊዜ ተመላልሰናል። ዩዋን ፕላሱን ደግሞ ባለፈው መስከረም ከጓደኛችን ተውሰን ለበዓሉ ሄድንበት። ሁለቱንም የማወዳድረው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

እስከ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓለም ገና ላይ የጅማውን መንገድ ትተው ወደ ቡታጅራ ይታጠፋሉ። አዋሽን መልካ ቁንጡሬ ላይ ይሻገራሉ፤ ጥንታዊ የሰው ልጅ መሣሪያዎች የተገኙበት ይህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀጥሎ ጢያ ይመጣል። ልጆች ይዞ ጢያ ላይ አለመቆም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች ከመንገዱ ብዙም አይርቁም፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። የሰባት ዓመቷ ልጃችን ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ሰይፎች መቁጠር ጀምራ ታናሿ እያቋረጣት ሦስት ጊዜ እንደገና ጀምራለች። ከዚያ ቡኢ፣ ኬላ፣ ቡታጅራ። ቡታጅራ ላይ ክትፎ ሳይበላ የሚያልፍ መኪና ካለ የእኛ ቤተሰብ የለበትም። በቀኝ በኩል የዘቢዳር ተራራ አብሮ ይጓዛል፤ ወራቤ ሲታለፍ የእንሰቱ አረንጓዴ እየደመቀ ይሄዳል።

በዚህ መንገድ ላይ የዩዋን ፕላስ ጸጥታ ያስገርማል። ከኋላ የሚተኛው ልጅ አይነቃም። በየከተማው መግቢያ ላይ ያለው ጉብታ፣ ባጃጁ፣ አህያው፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ፍጥነት ያስቀንሳል፤ ቤንዚን መኪና እንዲህ ሲሆን ነዳጅ ያባክናል፣ ኤሌክትሪኩ ግን ፍሬን ሲያዝ ጥቂቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

አሁን ቁጥሩን እንይ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ካታሎግ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። የዩዋን ፕላስ ትልቁ ባትሪ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የቻይናው መለኪያ በአንድ ሙሌት 510 ኪሎ ሜትር ይለዋል፤ የአውሮፓው መለኪያ ይህንኑ ባትሪ 420 ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የለኩበት አነዳድ ይለያያል። እኛ አራት ሰው፣ ሻንጣና ለአማቴ የተገዛ ብርድ ልብስ ጭነን ከቤት በ100 ወጣን፤ ሆሳዕና ስንደርስ 43 በመቶ ቀርቶ ነበር። አነስተኛ ባትሪ ያለው ዩዋን ፕላስም ገበያው ላይ አለ፤ ዋጋው ቀነስ ያለበትን ሲያዩ መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ።

ቪታራው 47 ሊትር ይይዛል። በእኛ አነዳድ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 7 ሊትር ይወስዳል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሞልቶ ከወጣ ዱራሜ ደርሶ፣ እዚያም ትንሽ ተንቀሳቅሶ፣ ምንም ሳይቀዳ ይመለሳል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። "ሞልቶ ከወጣ" የሚለውን ግን ልብ ይበሉ፤ እመለስበታለሁ።

ሆሳዕና ስሟን ያገኘችው ራስ አባተ ቧያለው በሆሳዕና በዓል ቀን ስለደረሱባት ነው ይባላል። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲዋ ይጠራበታል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። በየሰፈሩ ፎቅ እየተሠራ ነው፤ ብዙው ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆች በላኩት ገንዘብ እንደሆነ የአገሬው ሰው ይነግርዎታል። ማለዳ ላይ አታካና፣ ማለትም በቅቤና በወተት የተሠራውን የቡላ ገንፎ፣ የቀመሰ ሰው እስከ ማታ ሌላ አያምረውም። የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ሆሳዕና ማደር ለሚያስብ አንድ ምክር አለኝ፦ ሆቴል ከመያዝዎ በፊት ደውለው "ግቢ ውስጥ መኪናው አጠገብ የሚደርስ ሶኬት አለ?" ብለው ይጠይቁ። ፈጣን ቻርጀር ካለም የሶኬቱን ዓይነት ይጠይቁ። በቀጥታ ከቻይና የመጡ መኪኖች ጂቢ-ቲ የሚባለውን መሰኪያ ይጠቀማሉ፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 ነው። ካልገጠመ አይገጥምም።

ከሆሳዕና በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ ሲሄዱ ነው መኪና የሚታወቀው። ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ አምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ወደ ጫፉ የሚያወጣው ደረጃ 777 ነው፤ ባለቤቴ በየዓመቱ "ዘንድሮ እንወጣዋለን" ይላል። ቁልቁለቱ ላይ የዩዋን ፕላሱ ቁጥር ከመቀነስ ይልቅ ሲጨምር ልጆቹ አጨበጨቡ። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ዘመድ ቤት የሚገባው የጭቃ መንገድ ላይ ግን ቪታራው ይሻላል። ከመሬት ያለው ከፍታ 185 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዩዋን ፕላሱ 175፣ ያውም ባትሪው ከታች ተዘርግቶ። ቪታራ ሁሉ በአራቱም ጎማ አይጎትትም፤ ሻጩ "ፎር ዊል ነው" ካለ ጎንበስ ብለው ያረጋግጡ።

ሌላው ስኮርታ ነው። ዩዋን ፕላስ ስኮርታ የለውም፤ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው። ሚስማር ከሆነ ይሠራል፤ ጎማው በድንጋይ ጎኑ ከተቀደደ ጎሚስታው ራሱ ምንም አያደርግልዎትም። እኔ ብሆን ተመሳሳይ ጎማ ለብቻ ገዝቼ ለረጅም ጉዞ ብቻ እጭነዋለሁ። የኋላ ዕቃ መጫኛው 440 ሊትር ስለሆነ ከቪታራው 375 ሊትር ይሰፋል፤ ጎማው ሲገባ ትርፉ ያልቃል። ስንመለስ ደግሞ አማቴ ባዶ አይሸኙንም። ድንች፣ ቅቤ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ። የቆጮው ሽታ በሁለቱም መኪና ውስጥ እኩል ሳምንት ይቆያል።

አሁን ወደ ነዳጁ ልመለስ። አምና በአንድ ማክሰኞ ሌሊት አራት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። የባለቤቴ አጎት አርፈው ነበር፤ ቀብሩ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ አንጋጫ። ወንድሙ ቪታራውን ይዞ መጣ። ታንከሩ ሩብ እንኳ አልነበረውም። በዚያ ሳምንት ማደያዎቹ ወይ ሰልፍ ነበራቸው፣ ወይ "ቤንዚን የለም" የሚል ነበራቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቀድተን ወጣን። ስንደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቴ አጎቱ ቤት አድጎ ነው የተማረው። በመንገድ ላይ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ለባጃጅ የሚሸጠውን ቤንዚን ባየ ቁጥር ዛሬም ያቺ ሌሊት ትታወሰዋለች።

ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው። ቤት የሚሞላ መኪና በየማለዳው ሙሉ ነው። ሌሊት ቢደወል ተነስቶ ሆሳዕናን አልፎ ዱራሜ ይደርሳል። ባለቤቴ ደግሞ "መሄዱስ ይሁን፣ መመለሱ?" ይላል፤ እውነቱን ነው። ዱራሜ ስንደርስ የቀረን 27 በመቶ ነበር። በተራ የቤት ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ በሰዓት የሚገባው 2.2 ኪሎዋት ነው። አንድ ሌሊት 10 ሰዓት ቢሞላ ወደ 22 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከብክነቱ በኋላ ሲሶ ባትሪ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ሌሊት ያስፈልጋል፤ አንዷን ሌሊት መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀን ማደር ነው። በበዓል ይህ ደስታ ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ላለው ሰው ግን አይደለም።

ቤተሰቦቻቸው ከከተማ ርቀው፣ መብራት በማያስተማምንበት ቀበሌ ለሚኖሩ ያለማመንታት ቪታራ እላለሁ፤ ቡታጅራም ሆነ ሆሳዕና ላይ መካኒክ የሚያውቀው መኪና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የራሱ ግቢና ቆጣሪ የሌለው፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰውም መስኮት ለመስኮት ገመድ እያወረደ ኤሌክትሪክ መኪና ባይገዛ ይሻለዋል። እኛ ግን ግቢ አለን፤ በሳምንት አምስት ቀን ትምህርት ቤትና ቢሮ እንመላለሳለን፤ የዱራሜውም ቤት ከተማ ውስጥ ነው። ዩዋን ፕላሱን መረጥን።

ባለቤቴ የተስማማው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ዱራሜ ለመኪናው የተለየ መስመር እንዲዘረጋ። ያረጀው የግቢ ሶኬት ባለፈው ጊዜ ሲነካ ይሞቅ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ማስሞላት ቤት ማቃጠል ነው። ወፍራም ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልጋል። የባለቤቴ አባት ነገሩን በስልክ ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉና "ላሞቹ ከሚያድሩበት በየት በኩል ነው የሚቆመው?" ብለው ጠየቁ። ባለፈው ቅዳሜ ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ ለክቶ ሄዷል።