ቤቱ የፈረሰበት እንግዳ

መንገደኛ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ሲደርስ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ብሎ ይጣራል። ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» የሚል ድምፅ ካልመጣ የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን ደጅ ያድራል። መካነ ሰላም ላደግን ሰዎች ይህ ወግ አዲስ አይደለም። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት እንግዳ ነው፤ አፕሌት ስለሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም። ግጥም ወዳዱ አንባቢ «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ቢል አልፈርድበትም፤ ጥቂት ይታገሠኝ።

ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1995 ለዓለም አስተዋወቀው። ስሙ የቡና ስም ነው፤ ኔዘርላንዳውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ቡና ከተከሉባት ከጃቫ ደሴት የመጣ። የዓረቢካ ቡና ሥረ መሠረት ደግሞ የእኛው አገር ነውና፣ ስሙ ዞሮ ዞሮ ዘመዳችን ነው። ቋንቋውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካስወደዱት ነገሮች አንዱ አፕሌት ነበር፤ ጸጥ ብሎ በተቀመጠ ድረ ገጽ መካከል ሥዕል የሚያንቀሳቅስ፣ ሲነኩት የሚመልስ ትንሽ ፍጡር።

ተራው የጃቫ ፕሮግራም «ሜይን» የተባለ የራሱ በር አለው፤ ሥራውን ከዚያ ይጀምራል። አፕሌት ግን ይህ በር የለውም። ብራውዘሩ ወይም «አፕሌትቪወር» የተባለው መሣሪያ አስተናጋጁ ነው፤ «ኢኒት» ብሎ ያሰናዳዋል፣ «ስታርት» ብሎ ያስነሣዋል፣ «ፔይንት» ብሎ ያሥለዋል፣ ሲበቃውም በ«ስቶፕ» እና በ«ዲስትሮይ» ያሰናብተዋል። ለእንግዳ ጓዳ እንደማይከፈት ሁሉ፣ አፕሌትም ያለ ፈቃድ የባለቤቱን ፋይሎች እንዳይነካ የተከለከለ ነበር። ጠሪ ከሌለው ግን ዝም ነው።

የእህቴ ልጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ናት። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መጥታ ሳለ፣ አንድ ምሽት ከባንክ ሥራዬ ስመለስ ላፕቶፕዋን ታቅፋ አገኘኋት። ካረጀ የመማሪያ ጽሑፍ አንድ መልመጃ ወስዳ፣ ፊደላትን ከቀኝ ወደ ግራ የሚያስኬድ አፕሌት ጽፋለች፤ በእርሱም የእኔን አንድ ስንኝ ልታሳየኝ አስባ ኖሯል። ኮምፓይለሩ አንድም ስሕተት አላገኘባትም። ከኔትቢንስ ልታስኬደው ስትል ግን «ሜይን የተባለው ሜተድ አልተገኘም» ይላታል። ሦስት ቀን ታግላለች።

«ጋሼ፣ ይህ ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም። ስመለስ ትምህርት ክፍል ልቀይር ነው» አለችኝ፤ ዐይኗ ቀልቷል።

እኔም የመጀመሪያ ዲግሪዬን የሠራሁት በማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ነውና፣ «እስቲ አብረን እንየው፣ የኔ ልጅ» ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ክላሱ ፐብሊክ ነው ወይ? ነው። የክላሱና የፓኬጁ ስም ከተጠራበት ስም ጋር በፊደል ይገጥማል ወይ? ይገጥማል። ታዲያ ፕሮግራሙን የሚያስነሣው ማን ነው? ኔትቢንስ እንደ ተራ ፕሮግራም ሊያስነሣው በሌለ በር ያንኳኳል። እንደ አፕሌት የሚያስነሣውን ስንፈልግ አጣነው። የጃቫውን ዕትም ስናይ 17ኛው ነው፤ ነገሩ ተገለጠ።

አፕሌትቪወር እ.ኤ.አ. በ2018 ከ11ኛው ዕትም ጀምሮ ከጃቫ ወጥቷል። ብራውዘሮቹም ቀድመው በራቸውን ዘግተዋል፤ ክሮም በ2015፣ ፋየርፎክስ በ2017። የጸጥታ ቀዳዳው በዝቶ ስለነበር መዝጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። 17ኛው ዕትም ግን አፕሌትን ሊወገድ ነው ብሎ ያስጠነቅቅ እንጂ ኮዱን ይቀበላል። ያታለላትም ይኸው ነው፤ እንግዳው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቆሟል፣ ያሳድረው የነበረው ቤት ግን ፈርሷል።

ሁለት መንገድ ነበረን። አንዱ 8ኛውን ዕትም ጎን ለጎን ጭኖ በአፕሌትቪወር ማየት ነው። ሁለተኛው ለፕሮግራሙ የራሱን ቤት መሥራት ነው። ሁለተኛውን መረጠች። የ«ኢኒት»ን ሥራ ወደ ኮንስትራክተር፣ የ«ፔይንት»ን ወደ «ፔይንት ኮምፖነንት» አዛወረች፤ ሁሉንም በጄፓነል አኑራ በጄፍሬም መስኮት ውስጥ አቆመችው፤ ማስነሻውን «ሜይን»ም ጻፈች። ከጻፈችው የሚበዛው እንዳለ አገለገለ።

መስኮቱ ሲከፈት ግን ስንኜ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ሆኖ አለፈ። ሁለታችንም ሳቅን። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቦታውን አግኝቷል፤ የጎደለው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ነበር። ኒያላ የተባለውን ስትመርጥለት ፊደላቱ አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

ስንኟ ተራ ናት፤ ስለ ደንቆሮ ደን ጉም የጻፍኳት፣ ዓመታት በመሳቢያዬ ያደረች። ግጥምም «ሜይን» የለውም፤ ሰው ሲጠራው ነው የሚነሣ። ያን ሌሊት እርሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ካነበበችው በኋላ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ስላሉት ሌሎች አሰብኩ። ያልተነበበው ሁሉ መልካም ነው አልልም፤ ነገር ግን ዝም ያለ ሁሉ ስሕተት የለበትም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ስለ ትምህርት ክፍሏ ጠየቅኋት። «የትኛው ትምህርት ክፍል?» አለችኝና፣ ፊደላቱ ከግራ ወደ ቀኝም ቢሄዱ ምን እንደሚመስሉ ልታሳየኝ ላፕቶፕዋን ከፈተች።

ቸር ይግጠመን።