የጣሳ ጆሮና ጥሩር፤ በደባርቅ መንገድ

ከጐንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ወለቃ ይደርሳል፤ ከዚያ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን እያለፈ ወደ ስሜን ግርጌ ይወጣል። በዚህ መንገድ የሚጓዝ ሰው ዓይኑን ከተራራው ላይ አይነቅልም፤ ደግሞም እውነቱን ነው። እኔ ግን ለዛሬ ዓይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ከመንገዱ ዳር የወደቀውን ነገር እንድትመለከቱልኝ እፈልጋለሁ። ይኸውም መጠጡ ተጠጥቶ የተጣለው የአሉሚኒየም ጣሳ ነው።

«ጣሳ ለማየት እስከ ደባርቅ ምን ያስኬዳል?» ትሉ ይሆናል። በእኛ አገር ጣሳ ከቤተሰብ አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቲማቲም ድልህ ወይም የዱቄት ወተት ካለቀ በኋላ ጣሳው መቼ ይጣላል? በገበያ በርበሬውና ጥራጥሬው የሚለካው በእርሱ ነው፤ «በጣሳ ስንት ነው?» ያላለች የቤት እመቤት የለችም። በቤት ውስጥ የውኃ መጠጫ ይሆናል፤ ቂጡ በሚስማር ሲበሳ ማጥለያ ይወጣዋል። ክር ገብቶበት ጋዝ ሲሞላ ደግሞ ኩራዝ ነው፤ መብራት ባልገባበት ቤት ስንቱ ልጅ በዚያ ብርሃን አጥንቷል። ልጆቹም ቢሆኑ ከጣሳና ከሽቦ መኪና ሠርተው በገመድ እየጐተቱ ይሮጣሉ። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደች ሴት ነገሩን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ እዚያ ያረጀ በርሜልና ያረጀ ቆርቆሮ ምድጃ ሆኖ፣ ባልዲ ሆኖ ተመልሶ ይሸጥላታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበብ ባለበት አገር የቢራውና የለስላሳው ጣሳ ለምን ሜዳ ላይ ቀረ? ምክንያቱ ሰነፍ መሆናችን አይደለም፤ የብረቱ ጠባይ ነው። የድልሁ ጣሳ ብረት ስለሆነ፣ ኩራዝ ሠሪው በቀለጠ እርሳስ ሲያያይዘው ይይዝለታል። አሉሚኒየም ግን አየር እንደ ነካው ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ያ ሽፋን የተለመደውን እርሳስ አያስጠጋውም። ከዚህም በላይ ጣሳው እጅግ ስስ ስለሆነ እሳት ሲነካው ይበሳል፣ በእጅ ሲጫኑት ይጨማደዳል። ስለዚህ እጅ ሊሠራበት አልቻለም። ጠርሙሱ ደግሞ ተመላሽ ነው፤ መያዣ ገንዘብ ስለተከፈለበት በሳጥኑ ሆኖ በመጣበት መኪና ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ጣሳው ግን መመለሻ መኪና የለውም።

እንግዲህ ጥሩርን የማነሳው እዚህ ላይ ነው። ጥሩር ማለት የጥንት ጦረኛ ይለብሰው የነበረው፣ ከብረት ቀለበት የተሠራ ልብስ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ጎልያድ ለብሶት እንደ ነበር የምናነበው ነው። የአሠራሩ ምስጢር ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበት በዙሪያው ባሉት አራት ቀለበቶች ውስጥ ያልፍና ጫፉ ተገጥሞ ይዘጋል። ሁሉም ሲያያዝ ብረቱ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። አንዱ ጥሩር ከ20 ሺህ በላይ ቀለበት ሊኖረው ይችላል፤ ክብደቱም 10 ኪሎ ያህል ነው። የሠራተኛውን ትዕግሥት እናንተው ገምቱት።

ጥሩር በጐንደር እንግዳ ነገር አልነበረም። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በየካቲት ወር 1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ እኛ አሁን በምንሄድበት በደባርቅ በኩል አድርጎ ጐንደር ገብቷል። በጻፈው መጽሐፍም ጥሩር ለብሰው ያያቸውን የንጉሡን ፈረሰኞች ይገልጻል። የለበሰው የተከበረ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውስ?

ወደ ወለቃ እንመለስ። ወለቃና አካባቢው የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ይኖሩበት የነበረ መንደር ነው። ወንዶቹ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይቀጠቅጡ ነበር፤ ሴቶቹ ጀበናና ምጣድ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ያለ እነርሱ አያርስም፣ እመቤቲቱም ያለ እነርሱ አትጋግርም። ሆኖም ማረሻውን ተቀብሎ የሠራውን ሰው «ቡዳ» ይለው ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያለም ልጆቹን ያስፈራራበት ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ቶሎ አልጠፋም። አብዛኞቹ የወለቃ ሰዎች በ1977 ዓ.ም.ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። ዛሬ በመንገዱ ዳር የሸክላ ምስል የሚሸጡት በአብዛኛው በኋላ በሥራው የተተኩ ሰዎች ናቸው። አንዷን የሸክላ ምስል ስትገዙ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ይህን አስቡልኝ።

እኛ የከተማ እናቶችም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለንም። ልጃችን በቀለምና በወረቀት ሲጫወት ደስ ይለናል፤ ሚስማርና ፒንሳ ሲያነሣ ግን «ተው፣ ቀጥቃጭ ልትሆን ነው?» የምንል ስንቶች ነን?

አሁን ወደ ጣሳው ልመለስ። በጣሳው አናት ላይ ጣታችንን አስገብተን ወደ ላይ የምናነሣት ትንሽ ነገር አለች፤ እኔ የስኒን ጆሮ ስለምትመስል የጣሳ ጆሮ እላታለሁ። የዚህች ጆሮ ታሪክ ለእናቶች የሚነገር ነው። አሜሪካዊው ኤርማል ፍሬዝ እ.ኤ.አ. በ1959 ሽርሽር ሄዶ የጣሳ መክፈቻ ረስቶ በመቸገሩ፣ ከጣሳው ጋር አብሮ የሚሠራ መክፈቻ አሰበ ይባላል። ያ የመጀመሪያው ዓይነት ሲሳብ ተነቅሎ በእጅ ይቀር ነበር። ሰውም ወደ መሬት ይጥለዋል፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ ይቈረጥበታል፣ ሕፃን ያገኘው እንደሆነ ይውጠዋል። ከዚህም የተነሣ ዳንኤል ከድዚክ የሚባል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1975 ከጣሳው የማትለየውን፣ ዛሬ የምናውቃትን ጆሮ አወጣ።

ይህች ጆሮ ከጣሳው ገላ ይልቅ ጠንካራ ከሆነ የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራች ናት። ጫፏ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ በመሆኑ እጅ አትቈርጥም። ዝገት አታውቅም። ከሁሉም በላይ ተሠርታ ያለቀች ቀለበት ናት! ጥሩር ሠሪው ሽቦ ስቦ፣ ጠምዝዞ፣ ቈርጦ የሚያገኘውን እኛ ተዘጋጅቶ እናገኘዋለን። ቀለበትን በቀለበት ለማያያዝ ደግሞ እሳትም እርሳስም አያስፈልግም። አሉሚኒየም ለኩራዝ ሠሪው እምቢ ያለው ነገር እዚህ ላይ እንቅፋት አይሆንም ማለት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ጆሮዋን ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ ስታወዛውዙ ትነቀላለች። ከጣሳው ጋር የተያያዘችበት ትንሽ ቁራጭ ተንጠልጥላ ከቀረች በፒንሳ ንቀሏት፤ ሻካራ ጫፍ ካለ በሞረድ ወይም በድንጋይ አለስልሱት። በሳሙናና በሞቀ ውኃ አጥባችሁ አድርቁ፤ የመጠጥ ስኳር የቀረበት ጆሮ ጉንዳን ይጠራል። ከዚያ ግማሾቹን ለብቻ፣ ግማሾቹን ለብቻ አድርጉ። የአንዱን ክፍል ጆሮዎች በቆርቆሮ መቀስ ከትልቁ ቀዳዳ ጐን አንድ ጊዜ ሰንጥቁ። የሌላው ክፍል ሙሉ እንደሆነ ይቆያል።

የተሰነጠቀችውን ስትከፍቱ ወደ ግራና ቀኝ አትበርግዷት፤ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ በጥቂቱ አዛንፉ። በተከፈተው በኩል ሁለት ሙሉ ጆሮዎችን አስገቡና በፒንሳ መልሳችሁ ግጠሙ። ከዚያ ሌላ የተሰነጠቀች ወስዳችሁ ሁለተኛዋን ሙሉ ከሦስተኛዋ ጋር አያይዙ፤ እንዲሁ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ አሉሚኒየም አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ይታዘዛል፣ ደጋግመው ሲያጥፉት ግን ይሰበራል። አንድ ጊዜ ከፍቶ አንድ ጊዜ መዝጋት ነው። ስፌት የሰፋች እጅ ይህን ቶሎ ትለምደዋለች፤ በወስፌ ብስታ አክርማውን ስታሳልፍ የምትሰጠውን ትኩረት ነው የሚፈልገው።

ስንት ጆሮ ያስፈልጋል ለምትሉ፣ በመጀመሪያ 10 አያይዙና በሜትር ለኩት፤ ከዚያ በወገባችሁ ልክ አባዙት። ለጀማሪ ቀበቶ ይሻላል። ቦርሳ መሥራት የምትፈልግ በመቶ የሚቈጠር ጆሮ ማጠራቀም አለባት። የቦርሳውን ውስጥ ወፍራም ገበር አድርጉለት፤ የጥንቱ ጦረኛም ቢሆን ጥሩሩን በባዶ ገላው ላይ አይለብስም ነበር፣ ከሥሩ ወፍራም ልብስ ነበረው። ፒንሳ የማይመቻችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በብራዚል በማኅበር የተደራጁ ሴቶች ጆሮዎቹን ሳይሰነጥቁ በክርና በኪሮሽ እያያዙ፣ ልክ እኛ ዳንቴል እንደምንሠራው፣ ወደ ውጭ አገር ጭምር የሚሸጥ ቦርሳ ይሠራሉ። በእኔ አስተያየት የክሩ ሥራ ያምራል፤ የቀለበቱ ግን ይጠነክራል።

ሕፃን ያላችሁ ልብ በሉ። የተነቀለች ጆሮ በሕፃን አፍ የምትገባ ናት፤ አሉሚኒየም ደግሞ በራጅ ፊልም ላይ ደኅና ሆኖ አይታይም። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጧት እንጂ በጠረጴዛ ላይ በትናችሁ አትሂዱ። መሰንጠቁን አዋቂ ይሥራው፤ ማያያዙን ግን ከፍ ያለ ልጅ በደስታ ይሠራዋል። ወንድ ልጅ ቢሆንም!

ስለ ገንዘቡም ግልጽ ልሁን። በውጭ አገር የጣሳ ጆሮ ብቻ ሰብስቦ ላመጣ ለበሽተኛ የኩላሊት እጥበት ወይም የአካል ጉዳተኛ ወንበር ይሰጣል የሚል ወሬ ለብዙ ዓመታት ሲዞር ኖሯል። ጆሮ የሚሰበስቡ በጎ አድራጊዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በኪሎ ነው የሚሸጡት። አንዷ ጆሮ የግራም ሲሶ ያህል ስለሆነች አንድ ኪሎ ለመሙላት ወደ 3000 ገደማ ያስፈልጋል። ባዶ ጣሳው ግን ከ13 እስከ 15 ግራም ስለሚመዝን ሰባ አምስት ያህሉ ኪሎ ይሞላል። ስለዚህ ጣሳውን ለቆራሌው ሽጡ፤ ጆሮዋን ለእጃችሁ ሥራ አስቀሩ። አሉሚኒየምን መልሶ ለማቅለጥ የሚፈጀው ኃይል ከአፈር አዲስ ለማውጣት ከሚፈጀው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ ገዢ አይጠፋም።

ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ሆኗል። ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ጋር ተቈጥሮ ነበር፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በብዙ ድካም ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወረርሽኙና ጦርነቱ ጐብኚውን አሳስተውታል፤ በቅሎ ነጂው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በመንገድ ዳር ስፌትና የበግ ጠጉር ቆብ የምትሸጠው ሴት ሁሉ ገበያቸው ቀዝቅዞባቸዋል። እንግዳው ሲመለስ የሚገዛው ነገር ካገኘ ለእነርሱ ትልቅ ነገር ነው። ከስፌቱ አጠገብ የራሱ የእንግዳው ጣሳ ጆሮ ቀበቶ ሆኖ ቢጠብቀው አይገዛም ትላላችሁ? እኔ እገዛለሁ።

ሰላም ሆኖ ወደ ስሜን ለመውጣት ስትታደሉ ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ማደራችሁ አይቀርም። ጭላዳዎቹ በሣሩ ላይ ተቀምጠው ሥር ሲምሱ ታያላችሁ፤ የምግብ ትራፊና ጣሳ እነርሱ ዘንድ አትተዉ። ባዶ ጣሳውን ረግጣችሁ አሳንሱትና ከጓዙ ጋር በበቅሎው ላይ ጫኑት። ጆሮዋን ግን ሳትረግጡ በፊት ንቀሏት፤ ከተረገጠች በኋላ ተጣማ ለሥራ አትሆንም።